በሰንበት የሚሻለው ሕመም

የካቲት 12፣ ረቡዕ
ምስር ስለቅም ዋልኩ። ጠጠሩ ከምስሩ ይበዛል። ነጋዴው «ንጹሕ ነው» ብሎ ሲምል ነው የጠረጠርኩት። ጠርጥሬም ገዛሁት።

ከሰዓት ወንድሜ ሙሉዓለም ዘንድ። አጥራችን አንድ ነው፣ በራችን ብቻ ሁለት። ግራ እጁን አጠብኩለት። ባለፈው ክረምት ባጃጅ ገጭቶት ጭንቅላቱ ከተከፈተ ወዲህ ያ እጅ እንደተጨበጠ ቀርቶ ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነበር የምፈለቅቀው፣ መዳፉም ይሸት ነበር። አሁን ይሻላል። ጅማት የሚያላላ ክኒን ሰጥተውታል፣ ባክሎፌን ይሉታል። ጠዋት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ። ከገና ወዲህ እጁ ይፈታል፣ እግሩም መሬቱን መደብደብ ትቷል። ድምፁ እንደ ድሮው ነው። ትናንት ከአልጋው ሳይነሣ አንድ ተማሪ ሲያርም ሰማሁት።

ጠያቂ አይጠፋም። ሁሉም ሐኪም ነው። አንዱ ማር፣ አንዱ የበግ ላት። አንዷ «እንቅልፍ አያብዙ፣ የኔታ» አለችው። ራሱ የተከፈተውን ሰው እንደ ሰነፍ ገበሬ ትመክረዋለች። ዝም ማለት እችልበታለሁ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ
አለቃ ንጉሴ መጡ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ። ጠላ ጠጡ። ስለ ከብት መኖ አወሩ። የመጡበትን የተናገሩት ሊወጡ ከተነሡ በኋላ ነው። ልማዳቸው ነው፣ መጥፎውን ነገር በር ላይ ያቆዩታል።

«የኔታ፣ ወንበሩ ባዶውን ከረመ። ተማሪው እየተበተነ ነው።»
«መሪጌታ እሸቱ ያስተምር የለ?» አለ ሙሉዓለም።
«ያስተምራል። እሱማ ያስተምራል። ጉባኤው መጋቢት ዐሥር ይሰበሰባል፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። እርስዎ ይመጡና ከጾመ ድጓው ጥቂት ያዜማሉ። ቆመው ካዜሙ ወንበሩ የእርስዎ ነው። ካልሆነ...»
«ካልሆነ የእሸቱ።»
«እግዜር ያውቃል» አሉ።

እግዜር በዚህ ምን ዶለው? እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

ድጓ ያስተምርበት የነበረ ወንበር ነው። ጸጉሩ የሸበተው እዚያ ላይ ነው። ድጓ ወደሚመሰከርበት ደብር፣ ወደ ቤተ ልሔም፣ ሄዶ በቁራሽ እንጀራ የተማረው ለዚያ ነው። ሌላ ሥራ አያውቅም፣ እርፍ እንኳ ይዞ አያውቅም። ወንበሩን ካጣ ምንድን ነው? የሚታጠብ እጅ ያለው ሽማግሌ።

እሸቱ አለቃን ተከትሎ መጥቶ ነበር። አልገባም። ሥጋ ቤት በር ላይ እንደሚቆም ውሻ በሩ ላይ ቆመ።

የካቲት 17፣ ሰኞ
ጾሙ ገባ። ሙሉዓለም እንደ ጤነኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ አለ። የንስሐ አባቱ «ሕመምተኛ ነዎት፣ ተፈቅዶልዎታል» ብለውታል። አልሰማም። «በልቼ በምን አፌ ነው ጾመ ድጓ የማዜመው?»

ክኒኑስ? በውኃ ነው የሚዋጠው፣ ውኃ ከተጠጣ ደግሞ ጾም የለም። ሚስቱ ላቀች ወዲያው መላ አገኘች።

«እትዬ፣ ምን ያስጨንቃል? ከዘጠኝ በኋላ ሦስቱንም አንድ ላይ ይውጣቸዋል። ሦስት ያው ሦስት ነው።»

ለሊቅ ያስቸገረ ሒሳብ የፈታች መሰላት። እኛስ? ከረጢቱ ላይ «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ» ተብሎ ተጽፏል። ሊቁ አነበበው። ተማሪ ሲቆጥር አጥር ሥር ሆና ፊደል የለቀመችው እህቱም አነበበችው። ሁለታችንም ሦስት ያው ሦስት ነው አልን። እሱ በአፉ፣ እኔ በዝምታ።

የካቲት 18
ንፋስ ብቻ።

የካቲት 24፣ ሰኞ
ጠዋት እግሩ እንደ አጣና ይደርቃል። መሬት ሲረግጥ ተረከዙ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ይንቀጠቀጣል። እጁም ተመልሶ ተጨብጧል። ከዘጠኝ በኋላ በልቶ ክኒኑን ይውጣል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሌላ ሰው ይሆናል። ክንዱ ይንጠለጠላል። ምላሱ ይከብዳል። ያለ ነገር ይስቃል፣ የጀመረውን ነገር ይረሳል። ከዚያ እንቅልፍ...

እንቅልፉን አልወደውም። እየሄድኩ እቀሰቅሰዋለሁ።
«ምነው እታለም፣ ተይኝ እንጂ።»
አልተወውም። ላቀች ተናደደች።
«እጁን አታዪም እንዴ፣ እትዬ? እንደ ጥጥ ሆነ እኮ። መድኃኒቱ ሲሠራለት አንቺ እንቅልፍ ትነሺዋለሽ።»

ሠራለት። አልጋ ላይ የተጣለ እርጥብ ጋቢ ከመሰለ ሠራለት ማለት ነው።

የካቲት 27፣ ሐሙስ
ጎረቤታችን ዓለሚቱ ወገቧን ይዛ መጣች።
«ከየኔታ ክኒን ሁለት ፍሬ ስጪኝ። ጅማት ያላላል አሉ።»
«ያንቺ ጅማት ምን ሆነ?»
«ይይዘኛል።»
በየአጥሩ ጎንበስ ብሎ ማዳመጥ ወገብ ሳይይዝ አይቀርም። አልሰጠኋትም። ልትወጣ ስትል ድምጿን ዝቅ አደረገች።
«ሰዉ ግን... የኔታ ማታ ማታ ይጠጣሉ ይላል። በጾም።»
«የቱ ሰው?»
«ሰዉ ነዋ።»
በዚህ ሀገር ሰዉ ማለት ሁልጊዜ ዓለሚቱ ናት።

መጋቢት 1፣ ሰኞ
እንግዳ ነገር። ቅዳሜና እሑድ ይሻለዋል። ባለፈውም ሳምንት እንዲሁ ነበር። ትናንት ቁርሱን በልቶ ፀሐይ ላይ ወጣ፣ መቋሚያውን ይዞ ቆመ። እግሩ ጠንከር እንዳለ ነው፣ ግን አልተንቀጠቀጠም። ማታም አልተዝለፈለፈም። አንድም ቃል ሳይስት ረጅም ዜማ አዜመ።

ላቀች የሰንበት በረከት ነው አለች። የንስሐ አባቱም ሰንበት ናት አሉ። ተማሪዎቹም ተቀበሉ። እኔም ሳላምንበት አልቀረሁም።

ዛሬ ሰኞ ነው። እግሩ አጣና።

ሰንበት ለሰኞ የሚተርፍ በረከት የላትም? አምላክ ሰባት ቀን ፈጥሮ በሁለቱ ብቻ ነው ወንድሜን የሚያውቀው? እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ኃጢአት ነው። ጻፍኩት።

መጋቢት 8፣ ሰኞ
ትናንት መጻጉዕ ነበር። ስብከቱ አልጋውን ተሸክሞ ስለሄደው በሽተኛ ነው። ሰባኪው «ተነሥ» ባለ ቁጥር ሕዝቡ ዞሮ ወንድሜን ያያል። በስንፍና የተቀመጠ ይመስል። አንዷማ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ... «ተነሥ» እንድለው ነበር የፈለገችው?

ትናንትም ደህና ነበር። ዛሬ የለም።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ
ልጻፈው።

ከዘጠኝ በኋላ በላ፣ ክኒኑን ዋጠ። ላቀች ለዛሬ አራት ሰጠችው። «ክንዱ በደንብ ይፈታለት፣ በሰው ፊት ነው የሚቆመው» አለች። ፍቅሯ እንደዚህ ነው፣ ባለበት ላይ ትጨምራለች። ደግፌው ሄድኩ። መንገድ ላይ እግሩ ገና ደረቅ ነበር፣ በዚያ ድርቀት ተመርኩዞ ነው የተራመደው። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስንደርስ እየከበደኝ መጣ።

ጉባኤው ወይራው ሥር ተቀምጧል። እስኪጸልዩ፣ እስኪመካከሩ፣ ስለ ቅጥሩ ድንጋይ እስኪጨቃጨቁ ጠበቅን። ከዚያ አለቃ «የኔታ፣ ይጀምሩ» አሉት።

ጀመረ። የመጀመሪያዋ ቃል በድምፁ ወጣች። ሁለተኛዋ ተጎተተች። ሦስተኛዋን ረሳት። ሕፃን ሆኖ የተማራትን ረሳት። ዞሮ አየኝና ፈገግ አለ፣ የሚያስቅ ነገር የተፈጠረ ይመስል። ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። እሸቱ ባይይዘው በግንባሩ ነበር። ለምን እንደዚያ ቀርቦ እንደቆመ መቼም አይጠፋኝም። ውድቀቱን ከቅርብ ሊያይ ነው።

አለቃ ተነሡ፤ ጎንበስ ብለው አፉን አሸተቱት። ጋን ታጥቧል አልታጠበም ብሎ እንደሚያሸት ሰው።
«ምንም አይሸትም» አሉ። ያዘኑ ይመስላሉ።
«አረቄ በውኃ ከበረዙት አይሸትም» አለ አንዱ። የምርምሩ ውጤት መሆን አለበት።

ወንበሩ ለእሸቱ ሆነ።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ
እነሱስ አሸተቱት። እኔ ወርቅነህን አላሸተትኩትም። ባሌ ከበቅሎ ወድቆ ራሱን ይዞ ገባ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አለው። ጠጥቶ ነው ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። በማግሥቱ አልነቃም። ጎንበስ ብል ኖሮ... በቃ።

ሙሉዓለም ዛሬ ክኒኑን በሙሉ ሽንት ቤት ጣለው። «ያዋረደኝ ይሄ ነው። ከእንግዲህ በአፌ አይዞርም።» ላቀች «ደግ አደረግህ» አለችው። ትናንት አራት ያስዋጠችው ሴት ናት። እኔም እንደ ልማዴ ምንም አላልኩም።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ
ሰንበት ነው። አልተሻለውም። ከሁልጊዜውም የባሰ ነው። ሰውነቱ ያቃጥላል፣ እጅ እግሩ እንጨት ሆኗል። ከትናንት ጀምሮ ያያል። የሞቱት መምህሩ ጥግ ላይ ቆመዋል ይላል። «የኔታ፣ ይረፉ እንጂ» እያለ ቦታ ይለቅላቸዋል። ማንም ሰምቶት የማያውቅ ዜማ ያዜማል።

ዓለሚቱ ሰማች፤ ስለዚህ ሀገሩ ሰማ። ግቢው ሞልቷል። ረቡዕ ሰካራም ነበር፣ ቅዳሜ ጻድቅ ሆነ። ለመለወጥ እሱ ምንም አላደረገም፣ አልጋው ላይ ነው የዋለው። አለቃ ንጉሴ መጥተው እጁን ተሳለሙት። በዚያው አፍንጫ። አንዲት ሴት የታጠበበትን ውኃ ለመነች፣ ላቀች በጣሳ ቀዳችላት።
«ተገልጦለት ነው፣ እትዬ» ትለኛለች። ዓይኗ ይበራል። ባሏ ይነዳል።

የሰንበት በረከት ከነበረ ዛሬ የት ሄደ? በፊት በቅዳሜና በእሑድ የተለየው ምን ነበር? ከማለዳው ቅዳሴ በኋላ ይበላል። በጠዋት ስለሚበላ አንዱን ክኒን በጠዋት ይውጣል። ሌላውን ቀን። ሌላውን ማታ።

ቁርስ ነው። የአንድ ወር በረከት ቁርስ ነበር።

ክኒኑን ወደገዛንበት መድኃኒት ቤት፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ልሄድ ነው። መኪና ካጣሁ በእግሬም ቢሆን።

መጋቢት 14፣ እሑድ
ሆስፒታል፣ አግዳሚ ላይ። ሙሉዓለም ውስጥ ነው።

ትናንት መድኃኒት ቤቱ ስገባ አንዲት ልጅ ማስቲካ እያኘከች ስልኳን ትነካካለች። ቃልኪዳን ይሏታል። ጥፍሯ ቀይ ነው። ይቺ ደግሞ ምን ታውቃለች አልኩ በልቤ። ነገርኳት።
«መቼ አቆሙ፣ እማ?»
«ሐሙስ።»
«ቀስ በቀስ ነው? ወይስ በአንድ ጊዜ?»
«ሽንት ቤት ነው የጣለው። ሽንት ቤት ቀስ በቀስ አይጣልም።»
ማስቲካዋን በወረቀት ጠቀለለችው። ክኒኑ ሰውነት ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው አለችኝ፣ ለዚያ ነው የሚከፋፈለው። ሦስቱን ማታ ሲውጥ ቀኑን ባዶ ይውላል፣ ማታ ደግሞ ከልክ ያልፋል። «ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ላይ ይበረታል እማ። ያፈዛል፣ ያስረሳል፣ አንደበት ይይዛል። ጠጥተዋል ብለው አላሟቸውም?»
«አሽትተውታል።»
«በድንገት ሲተዉት ደግሞ ይብሳል። ትኩሳት ያመጣል፣ የሌለ ነገር ያሳያል፣ ያንቀጠቅጣል። ይገድላል፣ እማ።» እዚያው ሆና ለሐኪሙ ደወለች። የለመደውን አንዱን ፍሬ አሁኑኑ ስጡት፣ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት አለ። ክኒኑን የሰጠችኝም፣ ባጃጅ የጠራችልኝም እሷ ናት። በዚያ ቀይ ጥፍር።

ስመለስ ግቢው ውስጥ መቆሚያ የለም። «ውጡ» አልኩ። አልሰሙኝም፤ ድምፄን ስለማያውቁት ይሆናል። ደግሜ አልኩት፣ አሁን ራሴም ደነገጥኩ። አለቃ መንገድ ዘጉብኝ።
«ወይዘሮ ውዴ፣ የተገለጠለትን ሰው በክኒን ልትጋርጂበት ነው?»
«አለቃ፣ ረቡዕ አፉን አሸተቱት። ዛሬ ግንባሩን ይንኩት።»
ነኩት። እጃቸውን ቶሎ መለሱ።
«ይፋጃል» አሉ።
«ይፋጃል» አልኩ።

ሙሉዓለም ጥርሱን ነከሰ። «መምህሬ እያዩኝ አልውጥም።» ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ እንቢ። መጨረሻ ላይ ወደ ጥጉ ዞርኩ። ጥጉ ላይ በተማሪነቱ ቁራሽ የለመነበት ያረጀ አኩፋዳ ብቻ ተሰቅሏል። እጅ ነሣሁና «የኔታ፣ ይፍቀዱለት» አልኩ። ሙሉዓለም የሚያዳምጥ መሰለ፣ ራሱን ነቀነቀ። አፉን ከፈተ።

መንገድ ላይ ባጃጁ ውስጥ አንቀጠቀጠው። ጭኔ ላይ ይዤው ነበር። ያን አልጽፍም።

አሁን ትኩሳቱ ወርዷል ይላሉ። ስሜን ጠራ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ
ቤት ገባን። ሐኪሙ መጠኑን ቀንሶ ከፋፍሎለታል፣ ጠዋት ግማሽ ብቻ። «እግራቸው ጨርሶ እንዲላላ አንፈልግም። የሚቆሙት በድርቀቱ ነው» አለን። ቁርስ ደግሞ ግዴታ ነው። የንስሐ አባቱ መጥተው አዘዙት፣ ሙሉዓለም ቁራሹን እንደ መርዝ ዋጠው። እኔን አያናግረኝም። ጾሙን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ አለዚያም መምህሩን ያባረርኩት።

ያየውን ያስታውሳል፣ ያ ነው ችግሩ።

አለቃ ንጉሴ ድፎ ዳቦ አስይዘው መጡ። ከስማዳ፣ ከእስቴ ሳይቀር ሰው እየመጣ ይጠይቃል አሉ። «ጉባኤው ተስማምቷል፣ ወንበሩ ይመለስልዎታል። በሆሣዕና ለሕዝቡ ያዩትን ይናገሩ፣ ሌላ ምንም አንጠይቅም።» በዚህ ጊዜ ነገሩን በር ላይ አላቆዩትም። ገና ሳይቀመጡ ነው የተናገሩት።

መጋቢት 22፣ ሰኞ
ላቀች ከብት ልታጠጣ ስትወጣ ጠራኝ። ከመጣን ወዲህ የመጀመሪያው ነው።
«እታለም። ያየሁት ምን ነበር?»
ልዋሸው እችል ነበር። ዝም ማለት ይበቃ ነበር፣ ዝምታዬን እንዳሻው ይተረጉመዋል። ወንበሩም ይመለሳል። ተማሪው፣ ስሙ፣ ሁሉም።
«ክኒኑ በድንገት ሲቋረጥ የሌለ ነገር ያሳያል አሉኝ» አልኩት።
«መምህሬ አልነበሩም ማለት ነው?»
«እኔ አኩፋዳ ነው ያየሁት።»
ፊቱን አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ ጅማቱ ነው ብዬ ልለፈው ፈለግኩ። አልነበረም።

ወንበሩን ግን ይወስዳል። እኔ ብሆን እወስደዋለሁ። በሆሣዕና ይቆማል፣ ያያቸውን መምህር ይናገራል፣ አለቃ ያለቅሳሉ፣ ዓለሚቱ ትወድቃለች። እኔም ከኋላ ቆሜ እሱንም ከነሱ ጋር አንድ ላይ እንቀዋለሁ። ልቤን አዘጋጅቻለሁ።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ
አለቃ መልስ ሊወስዱ መጡ። እሸቱም በሩ ላይ።

ሙሉዓለም ቁርሱን በልቶ ተቀምጦ ነበር። ድምፁ ጥርት ያለ ነው።
«አለቃ፣ መምህሬን አይቻለሁ። ፊታቸው እንኳ አልጠፋኝም። ግን ያሳየኝ ትኩሳት ነው፣ ትኩሳቱን ያመጣው የጣልኩት ክኒን ነው። በጉባኤው ዕለት ያሸተቱትም እሱኑ ነበር፣ ያን ቀን ከልክ በላይ ወስጄው።»
«የኔታ፣ ይህን ሕዝቡ ማወቅ የለበትም።»
«ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ።»
«ታዲያ ወንበሩ...»
«በትኩሳት የተገኘ ወንበር ላይ ተቀምጬ ማንን አርማለሁ? የእሸቱ ይሁን።»

አለቃ ወጡ። ዳቦ የመጣበትን ጨርቅ ሳይረሱ ይዘው ነው የወጡት። ላቀች ምድጃው ጋ ሄዳ አለቀሰች። አልናቅኋትም፣ አሳዘነችኝ። እኔ ዐርባ ዓመት ያዘጋጀሁትን ልብ ምን ላድርገው? እሱ ላይ ልጠቀምበት ነበር።

መጋቢት 28
ሰው አልመጣም። ጻድቁም ሰካራሙም ሄደው ወንድሜ ብቻ ቀረ።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ
ጠዋት እሸቱ መጣ። በሩ ላይ ቆመ፣ እንደ ሁልጊዜው። ዛሬ ግን «ለምን አትገባም?» አልኩት። ከዚህ በፊት ግባ ያለው ማንም የለም፣ አሁን ሳስበው።
«ማን ጠርቶኝ፣ እትዬ?» አለ።

ገባ። ተማሪዎቹን አስከትሏል። ሙሉዓለም እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ።
«የኔታ፣ የሆሣዕናው ላይ አንዲት ቦታ ጠፍታብኛለች። ትናንት ልጆቹ ፊት ሁለት ጊዜ ሳትኩ። እንዳልሳትኩ ሆኜ ልለፋት ነበር፣ ትንሹ ሳቀብኝ።»
«የቱ ጋ?»
አዜመለት። ሙሉዓለም ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።
«ድምፅህ ከፍየል የተዋስከው ነው። ዜማውን ግን እንዲህ ነው የምትመልሰው።»
ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። ደረቅ እግሩን ተከለው፣ ግራ እጁን መቋሚያው ላይ ሰቀለው። ቆሞ አዜመ፣ እስከ መጨረሻው። አንድም ቃል አልጎተተም። ልጆቹ ተቀበሉት።

«ጠዋት ጠዋት ልምጣ፣ የኔታ? ልጆቹንም ይዤ?» አለ እሸቱ።
«ቁርስ ከበላሁ በኋላ» አለ ሙሉዓለም። ከዚያ ወደ እኔ፣ «እታለም፣ የቀኑን ክኒን አትርሺ።»

እሸቱ ሲወጣ አጥሩ ድረስ በዓይኔ ተከተልኩት። የሆነ ነገር ፈለግኩበት። አካሄዱን፣ ጥምጥሙን፣ ማንቁርቱን። ጫማው አቧራ ነው።

ለንቀት አይበቃም።